አንበሳውን አሰርን፣ ጫካውን ረሳን

ከባሕር ዳር ተነስቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ወረታ ላይ መንገድ ይከፈልበታል። ወደ ሰሜን ቢቀጥል ጎንደር ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ ቢታጠፍ ደብረ ታቦር ይወጣል። በሁለቱም በኩል የታሰረ አንበሳ ታሪክ አለ።

ይህን የማነሳው "የዱር እንስሳን አጥሮ ማኖር ተገቢ ነው ወይ?" የሚለው ጥያቄ ከውጭ የመጣ ቅንጦት የሚመስላቸው ስላሉ ነው። አይደለም። የራሳችን የቆየ ጉዳይ ነው።

ጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ የነገሥታቱ የአንበሳ ቤት ዛሬም ይታያል። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስም አንበሳ ያኖሩ ነበር። በዘመናቸው የመጣ ፈረንጅ ንጉሡ በአንበሶቻቸው ተከበው እንግዳ ሲቀበሉ የሚያሳይ ሥዕል አሳትሟል። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ ለዚህ ሰው አንበሳ እንኳ ይገዛለታል። ማሰር ያልቻለ ደግሞ ገድሎ ጎፈሩን በራሱ ላይ ደፍቶ በአደባባይ ይፎክር ነበር። ገዳዩም አሳሪውም የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ የአንበሳውን ክብር ለራስ መውሰድ።

ስድስት ኪሎ ያለው አንበሳ ግቢ የዚህ ልማድ ልጅ ነው። (ከዚህ በታች ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።) ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1948 ሲያቋቁሙት መሥራቾቹ አንበሶች ሰባት እንደነበሩ ይነገራል፤ አምስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ። አንበሶቹ ግን እዚያው ወለዱ፣ እዚያው አረጁ። ስንቶቻችን ነን በልጅነታችን በወላጅ እጅ ተይዘን ሄደን፣ በብረቱ መሀል ያየነውን ጎፈር እስከ ዛሬ የማንረሳው?

በ2006 ግን አስደንጋጭ ወሬ ተሰማ። ቦታና ገንዘብ በማጣት ደቦሎች በመርዝ እንደሚገደሉና በድናቸው ቆዳ አድርቀው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ እንደሚሸጥ የግቢው ኃላፊ ራሳቸው ለዓለም ዜና ሰዎች ተናገሩ። ለክብር ያሰርነውን ልጁን ማብላት አቃተን ማለት ነው። ያኔ አንድ ሰው "ይዘጋ!" ቢል ምን ብለን እንመልስለት ነበር?

መልሱ ከስድስት ዓመት በኋላ መጣ። በ2012 ተመራማሪዎች ከግቢው አንበሶች የ15ቱን ናሙና ወስደው ዘረ መላቸውን መረመሩ። ጥቁር ጎፈራቸው እስከ ደረትና ሆዳቸው የሚወርደው እነዚህ አንበሶች ከተነጻጸሩባቸው የሌላ አገር አንበሶች የተለዩ ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹም ዘሩ በጥንቃቄ እየተራባ እንዲጠበቅ መከሩ።

እዚህ ላይ የአጥር ደጋፊዎች "ይኸው!" ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ግማሹን። ያ ግቢ ዘር አትርፏል። ያተረፈው ግን አስቦበት አይደለም። ለጌጥ የታሰረ እንስሳ በአጋጣሚ ቅርስ ሆኖ ተገኘ። አጋጣሚ ደግሞ ፖሊሲ አይሆንም። በ2019 በቤተ መንግሥቱ ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክም አንበሶች አሉት፤ ሰፋ ያለ፣ ያማረ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ከአጥሩ ማማር አይጀምርም። ከአጥሩ ውጭ ለአንበሳው ምን አስቀርተንለታል?

አሁን ወደ ወረታ እንመለስ፤ አጥር የማይመልሰው ጥያቄ እዚያ ስላለ። የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ እየሞሉ የሚያጠጡት ምድር ነው። ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋው ረጅም እግራም ወፍ እዚያ ይኖራል፤ የአውሮፓን ብርድ የሚሸሹ ዘመዶቹም በበጋ ይመጣሉ። ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች ቤታቸው ናቸው። ከ1987 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ውስጥ ሸሸር ከአሥር እጁ ዘጠኙን ያህል አጥቷል። ውኃው በፓምፕ ተሳበ፣ መሬቱ ታረሰ።

ገበሬውን መውቀስ ይቀናናል። እኔ አልወቅሰውም። ሩዝ ለፎገራ ሰው ከጎርፍና ከረሃብ መሀል የተገኘ መውጫ ነው፤ እኛም ከተማ ሆነን ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሲሆን እየበላነው ነው። ወጪውን ግን ብቻውን የከፈለው ወፉ ነው።

የፎገራ ሰው ይህን ነገር በራሱ ከብት አይቶታል። ስመ ጥሩው የፎገራ ከብት ግጦሹ ሲጠብበት፣ ደሙም ሲደባለቅ፣ ንጹሕ ዘሩን ለማቆየት በአንዳሳና በመተከል የርቢ ጣቢያ ማኖር ግድ ሆነ። ደግ ሥራ ነው። ዘር በአጥር ይተርፋል፤ ሜዳ ግን በአጥር ውስጥ አይራባም። ዘውዳሙን ወፍ ይዘን አዲስ አበባ ብናኖረው ወፉ ይኖረናል፣ ፎገራ አይኖረንም።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። የዱር እንስሳን አጥሮ ማኖር ተገቢ የሚሆነው ዕዳ መሆኑ ሲታወቅ ብቻ ነው። አንድ አንበሳ ስናስር፣ ወገኖቹ በነጻነት የሚኖሩበትን ምድር ለመጠበቅ ቃል ገብተናል። ከመግቢያ ትኬቱ ገንዘብ ለዱሩ የሚደርስ ከሌለ፣ ያ ግቢ ሙዚየምም ትምህርት ቤትም አይደለም፤ እስር ቤት ነው።

ደግሞ የሚጠበቅ ዱር አልጠፋም። በ2016 ተመራማሪዎች ከሱዳን ጋር በሚያዋስነን በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸውን በዱካና በካሜራ አረጋገጡ። ድንበር ተሻግሮ ካለው ከዲንደር ጋር ከ100 እስከ 200 ሊሆኑ እንደሚችሉ ተገምቷል። አልጣሽ ያለው የት ነው? ቋራ! አንበሳ አስረው ያኖሩት ቴዎድሮስ በተወለዱበት አገር አንበሳው ዛሬም ሳይታሰር አለ።

በኪሳችን ያለው ሳንቲም ሁሉ አንበሳ አለበት። ስንቶቻችን ግን የአልጣሽን ስም እናውቃለን? "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሲባል አድገናል። ማሰሩን ችለንበታል። አሁን የቀረን አብረን ሳናስረው ማኖር ነው።