የተሸፈነ ፊት

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ፣ በጉና ተራራ ሥር አልፎ ነፋስ መውጫ የደረሰ መንገደኛ የከተማዪቱ ስም በከንቱ እንዳልወጣ ወዲያው ይረዳል። ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ ፀሐዩም ከነፋሱ አያንስም። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነውና፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳ የሚያጠቁረው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ሊቃውንት ይናገራሉ። ስለዚህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበያ የምትውል እናት ጉንጯ ላይ ማዲያት ቢወጣባት አያስገርምም። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ስትሸፈን ግን ብርዱን ፈርታ ይሁን የሰውን ዓይን፣ ከእርሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

እነዚህ ወረዳዎች የጥንቷ በጌምድር ናቸው፤ የነገሥታቱም ከተማ ጎንደር ሩቅ አልነበረችም። በ1691 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1699) ቻርልስ ዣክ ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከካይሮ ተጉዞ ጎንደር ገባ። ያስጠራው ዐፄ ኢያሱ አንደኛንና ልጃቸውን የያዛቸው የቆዳ ሕመም ነበር። አብሮት የተነሣው ኢየሱሳዊ ካህን ጎንደርን ሳያይ በመንገድ ሞተ፤ ፖንሴ ግን ንጉሡን አክሞ በ1692 ዓ.ም. ተመለሰ። ለንጉሥ ቆዳ ሐኪም ከግብፅ ይመጣል፤ ለባላገሯ ያላት ነጠላዋ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ንጉሡ በአደባባይ ፊታቸውን ሸፍነው እንደሚቀመጡ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነውም «ቃለ ዐፄ» በሚባለው ሹም አንደበት እንደሚናገሩ ጽፏል። ንጉሥ ሲሸፈን ግርማ፣ ድኻ ሲሸፈን ነውር! መሸፈኑ አንድ ነው፤ የተለየው የተመልካቹ ልብ ነው።

ቋንቋችንም እንዲሁ ያዳላል። ከልደት ጀምሮ ፊት ላይ ያለውን ምልክት «ማርያም ስማው ነው» ብለን እናከብረዋለን። ቀለሙን ያጣውን ነጭ ቆዳ ግን «ለምጽ» እንለዋለን። ይህም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ መርምሮ ከሰፈር ውጭ የሚያስቀምጠው ሰው ሕመም ስም ነው። ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፈው ለምጽ ከሥጋ ደዌ ጋር እየተቀላቀለ ስንት ትዳር አፍርሷል፣ ስንት ማዕድ ለይቷል!

በአሜሪካ ሊድያ ኦሊሪ የተባለች ሴት ነበረች። ፊቷ ላይ ከልደቷ ጀምሮ ወይን ጠጅ የመሰለ ሰፊ ምልክት ነበረባት፤ በእኛ አገር ብትወለድ ማርያም የሳመቻት በተባለች ነበር። በዚህ ምልክት የተነሣ ሥራ ተከለከለች። እርሷም እ.ኤ.አ. በ1928 ምልክቱን የሚሸፍን ወፍራም ቅባት ሠራች፤ በ1932ም የፈጠራ መብቷ ተመዘገበላት። ቅባቱ ከቆዳው ቀለም ጋር ተመሳስሎ ይቀባል፣ በዱቄትም ይደርቃል። ቆዳውን አይለውጥም፤ ማታ ይታጠባል። ለእኛ ያስቸገረው የቀለሙ ነገር ነበር። አማርኛችን ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ ብሎ ይለያል፤ የፈረንጅ ብልቃጥ ግን ለረጅም ዘመን የሚያውቀው የራሱን ፊት ብቻ ነበር። በሶማሊያ የተወለደችው ሞዴል ኢማን እ.ኤ.አ. በ1994 ለጠቆረ ቆዳ የሚሆን መኳኳያ ያቀረበችው ይህን ጉድለት አይታ ነው።

ውድ አንባቢ፣ መሸፈንና ማንጣት አንድ አይደሉም። ሜርኩሪ ያለበት ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ኩላሊት ይጎዳል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀባ የስቴሮይድ ቅባትም ቆዳውን ያሳሳዋል። ደግሞም ሲነኩት የማይሰማ፣ የደነዘዘ ነጣ ያለ ቆዳ ካለ ከመሸፈኑ በፊት ለሐኪም ይታይ፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላልና። እርሱም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሚሰጠው ጥምር መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ የሚያሰናክለው ተደብቆ መዘግየቱ ነው።

ከዚያ በኋላ መሸፈንም አለመሸፈንም የባለ ፊቷ ፈንታ ነው። የእኛ ፈንታ በገበያ መካከል «ፊትሽን ምን ነካው?» ብለን አለመጠየቅ ነው።