ራውተርና ራስ-ሠራሽ ፋየርዎል በደቡብ ጎንደር ደጋ

ፋየርዎል በአንድ መሥሪያ ቤት የውስጥ ኔትወርክና በኢንተርኔት መካከል ሆኖ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያጣራ ነው። ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ በሚመጣ ራውተር ሊሠራ ይችላል፤ ሁለት ኔትወርክ ካርድ በተገጠመለት ተራ ኮምፒውተር ላይ ነጻ ሶፍትዌር በመጫንም ይሠራል፤ ራስ-ሠራሽ የምንለው ይህን ነው። ልዩነቱ የሚወራለትን ያህል ሰፊ አይደለም፤ የሚክሮቲክ ራውተሮች የሚሠሩበት ራውተርኦኤስ ራሱ ሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ነው። በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ከተሞች ምርጫውን የሚወስኑት መብራት፣ ዶላርና ባለሙያ ናቸው።

ከነጻዎቹ ሶፍትዌሮች ታዋቂው ፒኤፍሴንስ እ.ኤ.አ. በ2004 ሞኖዎል ከተባለው ፕሮጀክት ተገንጥሎ ወጣ። ኦፒኤንሴንስ ደግሞ በ2015 ከፒኤፍሴንስ ተለየ። ሁለቱም ፍሪቢኤስዲ በተባለው ስርዓተ ክወና ላይ ይሠራሉ። በርካሽ ራውተር ላይ የሚጫነው ኦፕንደብልዩአርቲ በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ያለ ሦስተኛ መንገድ ነው።

መብራትን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒውተር 50 ዋት ያህል ሲወስድ ትንሽ ራውተር ከ10 ዋት አይበልጥም። በየቢሮው የሚታየው አነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ በብዛት ያለው ባትሪ ባለ 12 ቮልትና 7 አምፔር-ሰዓት ነው፤ አዲስ ሳለ እንኳ የሚይዘው 84 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን አንድ ሰዓት ቢያቆየው ነው፣ ራውተሩን ግን ግማሽ ቀን ሊያደርሰው ይችላል። ብዙዎቹ የሚክሮቲክ ራውተሮች ሰፋ ያለ የዲሲ ቮልቴጅ ስለሚቀበሉ ከሶላር ባትሪ በቀጥታ መሥራትም ይችላሉ። ኮምፒውተሩ በድንገት ሲጠፋ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ሊበላሽ ስለሚችል ሶፍትዌሩ ሲጫን ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ስርዓት መምረጥ ይገባል።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ የማቀዝቀዣ ፋን አቅም ይቀንሳል፤ የደጋው ብርድ ግን ይክሰዋል። ይልቅ የሚያሰጋው የክረምት መብረቅ ነው። በመዳብ የስልክ ሽቦ ገብቶ ሞደምና ራውተር ያቃጥላል። ጉዳቱ ኔትወርክ ካርዱ ላይ ብቻ ከቆመ ካርዱን ቀይሮ ኮምፒውተሩን ማዳን ይቻላል፤ የትንሽ ራውተር ሰርኪት ከነደደ ግን ሌላ መግዛት ነው። የፋይበር መስመር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በዚህ በኩል ስጋቱን ይቀንሳል።

የዋጋው ጉዳይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ተለውጧል። የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ወደ 120 ብር ተጠጋ። እንደ ፎርቲጌት ያሉ መሣሪያዎች የቫይረስና የጥቃት መከላከያቸውን ለማደስ ዓመታዊ ክፍያ ስለሚጠይቁ ወጪያቸው በግዢው ቀን አያበቃም። ራስ-ሠራሹ ይህ የለበትም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበርም መዘንጋት የለበትም፤ ቅንብሩ በውጭ አገር ክላውድ ብቻ የሚስተካከል መሣሪያ ለእንዲህ ያለው ጊዜ አይሆንም።

ራስ-ሠራሹን የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የሞደሙ ጣጣ ነው። ከኢትዮ ቴሌኮም መስመር ጋር የሚገጠመው ሞደም ራሱ ራውተር ስለሆነ ፋየርዎሉ ከኋላው ሲቀመጥ አድራሻ ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ ከውጭ በቪፒኤን መግባትም አስቸጋሪ ይሆናል። መፍትሔው ሞደሙን መስመሩን ብቻ ወደሚያሳልፍበት ብሪጅ ወደተባለው አሠራር ቀይሮ፣ መስመሩን ለመክፈት የሚያገለግለውን (የፒፒፒኦኢ) የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በፋየርዎሉ ላይ ማስገባት ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ለቆ ከሄደ ግን ሥራው እዚያው ይቆማል።

ስለዚህ ለክሊኒክ፣ ለኢንተርኔት ቤትና ለትንሽ ቢሮ ትንሹ ራውተር ይበቃል። ራስ-ሠራሹ የሚያዋጣው ቢያንስ ሁለት የሚያውቁት ባለሙያዎች፣ አስተማማኝ ዩፒኤስና ተለዋጭ ኮምፒውተር ላሉት ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ነው። የፒኤፍሴንስ ቅንብር በሙሉ በአንድ ፋይል ስለሚቀመጥ ቅጂው በፍላሽ እስካለ ድረስ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ መጫን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።