ባልን ለማምጣት የሚፈረመው ዋስትና ከየት መጣ?

የታክስ ወቅት በደረሰ ቁጥር ከምንሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ «ባለቤቴን ከኢትዮጵያ ለማምጣት ገቢዬ ይበቃል ወይ?» የሚል ነው። መልሱ በየዓመቱ በሚወጣ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ይገኛል። ይሁን እንጂ አይ 864 የሚባለው ፎርም ከገቢ ማስረጃነት ያለፈ ነገር ነው፤ ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚገባን ደግሞ ታሪኩን ስናውቅ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ከሥሩ ጀምረን እናየዋለን። ዓመቶቹ፣ ሌላ ካላልን በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1882 ባወጣው ሕግ ከውጭ ከሚገባ መንገደኛ 50 ሳንቲም እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ ራሱን መቻል አቅቶት የመንግሥት ሸክም የሚሆን ሰው ከመርከብ እንዳይወርድም ከለከለ። በ1891 ደግሞ ቃሉ ሰፋ ተደርጎ «ሸክም ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚገመት» ሰው ሁሉ እንዲመለስ ተወሰነ። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከዚያ በኋላ መኮንኑ የመንገደኛውን የዛሬ ኪስ ብቻ ሳይሆን የነገ ዕድሉንም መገመት ጀመረ። የኒው ዮርኩ ኤሊስ ደሴት በ1892 ከተከፈተ በኋላ ይህ ግምት ይበልጥ የከበደው ብቻቸውን በሚመጡ ሴቶች ላይ ነበር። ባል፣ አባት ወይም ሌላ ዘመድ መጥቶ እስኪረከባቸው ድረስ እዚያው ይያዙ ነበር። እጮኛዋን ብላ የመጣች ሴት እዚያው ተጋብታ የወጣችበት ጊዜም አለ።

በዚያ ዘመን ሴት ለባሏ ዋስ መሆን ቀርቶ የራሷን ዜግነት እንኳ ማስከበር አትችልም ነበር። በ1907 በወጣው ሕግ መሠረት የውጭ አገር ሰው ያገባች አሜሪካዊት ዜግነቷን ታጣ ነበር። አብዛኛው በደል የታረመው በ1922 ነው። በ1924 የኮታ ሕግ ሲወጣም ልዩነቱ ቀጠለ፤ የአሜሪካዊ ወንድ ሚስት ከኮታ ውጪ ትገባለች፣ የአሜሪካዊት ሴት ባል ግን በኮታው ውስጥ ቅድሚያ ተሰጥቶት ተራውን ይጠብቃል። በ1928 እና በ1932 የተደረጉት ማሻሻያዎች የጠቀሙት ከተወሰነ ቀን በፊት ለተጋቡት ብቻ ነበር። ሕጉ ባልና ሚስትን እኩል ያየው በ1952 ነው። ዛሬ አንዲት አባላችን ለባሏ ስትፈርም የምትጠቀምበት መብት፣ እናቶቻችን ወይም አያቶቻችን ከተወለዱ በኋላ የመጣ መብት ነው።

የገንዘብ ማስረጃው ጥያቄ በከፍተኛ ደረጃ የጠበቀው በ1930 ነው። የኢኮኖሚ ድቀቱ በበረታበት በዚያ ዓመት መስከረም ወር የፕሬዚዳንት ሁቨር መንግሥት አዲስ ሕግ ሳያወጣ፣ ቆንስላዎች ያንኑ የ1891ዱን ቃል አጥብቀው እንዲተረጉሙት አዘዘ። የሚሰጠው ቪዛ ወዲያው አሽቆለቆለ። ከ1933 በኋላ ከናዚ ጀርመን ለመሸሽ የሚፈልጉ አይሁዶች ይህንን በር አገኙት። አሜሪካ ያለ ዘመድ የታክስ ወረቀቱን፣ የባንክ ማስረጃውንና ቃለ መሐላውን መላክ ነበረበት፤ ቆንስሉ አይበቃም ካለ ደግሞ በቃ፣ አይበቃም። ዋስ ያጣው ሰው የት እንደቀረ ታሪክ የሚያውቀው ነው።

የሚገርመው፣ ይህን ያህል የሰው ዕጣ የወሰነው ወረቀት በሕግ ፊት ዕዳ አልነበረም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በኒው ዮርክ፣ በሚሺጋንና በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች መንግሥት ፈራሚዎቹን ያወጣሁትን ወጪ መልሱልኝ ብሎ ሲከስ፣ ዳኞቹ ቃሉ የሞራል እንጂ የውል ግዴታ አይደለም አሉ። ቀድመውን የመጡ ኢትዮጵያውያን «ለዘመዴ ፈረምኩ፣ ምንም አልሆንኩም» ሲሉን የሚያወሩት ስለዚያ ስለ አሮጌው ወረቀት ነው። እውነታቸውን ነው። ግን ያ ወረቀት ለቤተሰብ ቪዛ አሁን አይሠራም።

ሁኔታውን የገለበጠው በ1996 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ዘመን የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የወጣው የድጎማ ሕግ አዲስ ግሪን ካርድ ያዢዎችን ከብዙዎቹ የፌደራል እርዳታዎች ለ5 ዓመት አግዶ ነበር። መስከረም ላይ ደግሞ ዋስትናው በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ውል ሆነ። ከዋሱ የሚጠበቀው ገቢ እስከ ድህነት መስመሩ 200 በመቶ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በመጨረሻ የጸደቀው 125 በመቶ ነው። በሠራዊት ውስጥ በሥራ ላይ ያለ ሰው የትዳር ጓደኛውን ሲያመጣ 100 በመቶ ይበቃዋል። አዲሱ ፎርም ሥራ ላይ የዋለው ከታኅሣሥ 19 ቀን 1997 ጀምሮ ነው።

በአገራችን ዋስ እንግዳ ነገር አይደለም። ገንዘብ ያዥ ሆኖ ለመቀጠር ዋስ ይጠራል፤ ከፖሊስ ጣቢያ ለመውጣትም ዋስ ይጠራል። በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። አይ 864 እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም። የሚያስጠይቀውም መንግሥት ብቻ አይደለም፤ የመጣው ሰው ራሱ «ኑሮዬን ከድህነት መስመሩ 125 በመቶ በታች እንዳይወርድ አድርጊ» ብሎ መክሰስ ይችላል። ፍቺ ግዴታውን አያፈርሰውም። በ2012 ቺካጎ የሚያስችለው የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ የተፋታ ባል «የቀድሞ ሚስቴ ሥራ ትፈልግ» ብሎ ሲከራከር፣ ውሉ እንዲህ ያለ ግዴታ አይጥልባትም ብሎ ፈርዶበታል። ያ ፈራሚ ወንድ ነበር፤ ፈራሚዋ ሴት ብትሆንም ሕጉ ያው ነው።

የድህነት መስመሩን ያወጣችው ሴት መሆኗን ብዙዎቻችን አናውቅም። ሞሊ ኦርሻንስኪ ከዩክሬን የመጡ ስደተኞች ልጅ ነበረች፤ የምትሠራውም በሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ቤተሰቦች ከገቢያቸው ሲሶ ያህሉን ለምግብ እንደሚያወጡ ከ1955ቱ ጥናት ተነሥታ፣ የግብርና ሚኒስቴር ያዘጋጀውን እጅግ ርካሹን የምግብ ወጪ በ3 አባዛችው። ያ የምግብ ዝርዝር ገንዘብ ሲያጥር ለጊዜው ተብሎ የታሰበ ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ከዋጋ ንረት ጋር ከፍ እያለ ዛሬ ደርሷል። በሂሳብ ሙያ ላይ ላለን ሰዎች ይህ አስደናቂ ነው፤ የቤት ኪራይና የሕፃናት መዋያ የዛሬውን ያህል ባልተወደዱበት ዘመን የተሠራ ስሌት ባልና ሚስት መቼ እንደሚገናኙ ይወስናል። በ2025 ሠንጠረዥ፣ አላስካና ሃዋይን ሳይጨምር፣ ለሁለት ሰው ይጠየቅ የነበረው 26,437 ዶላር ነው፤ አንድ ልጅ ሲጨመር 33,312 ይሆን ነበር።

ይህ ሁሉ ወደ እኛ ማኅበረሰብ ዘግይቶ ነው የመጣው። በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ በሱዳን በኩል የገቡት ወገኖቻችን የመንግሥት ሸክም ትሆናላችሁ ተብለው አይጠየቁም ነበር፤ ጥገኝነት ያገኘ ሰውም በዚያው መብቱ የትዳር ጓደኛውን ሲያስመጣ ይህን ፎርም አይሞላም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀመረው የዲቪ ዕጣም አይ 864 አይጠይቅም። ዲቪ ደርሷት ብቻዋን የመጣች፣ ከዓመታት በኋላ አገር ቤት ሄዳ ያገባች አባል ግን ራሷ ያልተጠየቀችውን ነገር ለባሏ ትጠየቃለች። በ2020 ሥራ ላይ ውሎ በ2021 የተሻረው ጥብቅ ደንብ ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር፤ አይ 864 ግን ከዚያም በፊት ነበረ፣ ከዚያም በኋላ አለ።

አባሎቻችንን በብዛት የሚያሰናክለው ታዲያ ገቢ ማጣት ሳይሆን የታክስ ወረቀቱ ነው። በቤቷ ልጆች የምትጠብቅ ወይም ኡበር የምትነዳ ሴት እንውሰድ። በዓመት 41,000 ዶላር አስገብታ፣ ወጪዋን ቀንሳ 19,800 ቀረኝ ብላ አስታወቀች እንበል። ታክሷ ቀለለ፤ ቆንስሉ የሚያየው ግን 19,800ውን ነው። በ2025ቱ ሠንጠረዥ ለሁለት ሰው 6,637 ዶላር ይጎድላታል። ዜጋ ከሆነች ጉድለቱን በ3 አባዝታ የ19,911 ዶላር ቁጠባ ወይም ንብረት በማሳየት መሙላት ትችላለች፤ ግሪን ካርድ ብቻ ካላት በ5 ይባዛል። ለእናቷ በየወሩ የምትልከው ገንዘብ ደግሞ በቅጹ ላይ አይታይም፤ አዲስ አበባ ያለች እናት በታክስ ወረቀት ላይ ጥገኛ ሆና ልትመዘገብ ስለማትችል በቤተሰብ ቁጥር ውስጥ አትገባም። ለአንዳንዶቻችን ይህ እፎይታ ነው።

ጉድለቱን በንብረት መሙላት ካልተቻለ ተባባሪ ዋስ ይፈለጋል። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት የሞላውና አሜሪካ የሚኖር ሰው መሆን አለበት፤ ዘመድ መሆን አያስፈልገውም። ሚስትየዋም ቢሆን የራሷን ፎርም መፈረሟ አይቀርም። እንዲህ ያለውን ውለታ የቡና ላይ ወሬ አድርገን እንዳንጠይቅ አደራ እንላለን፤ ወንድማችንም ሆነ ጓደኛችን የሚገባበት ዕዳ ከእኛው ዕዳ ጋር አንድ ነው። የሚያበቃውም የመጣው ሰው ዜጋ ሲሆን፣ ሲሞት፣ አገሩን ለቆ ግሪን ካርዱን ሲተው፣ ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ዘመን ሲሞላለት ነው። 40 ሩብ ዓመት ለአንድ ሠራተኛ 10 ዓመት ነው። በትዳር ዘመን ሚስት የሠራችው ጊዜም ስለሚቆጠርለት ሁለቱም ከሠሩ በ5 ዓመት ሊሞላ ይችላል። ከተፋቱ ግን የእሷ ሩብ ዓመቶች ከሂሳቡ ይወጣሉ፤ የእሱ ብቻ ይቀራሉ።