ኮምፒውተሩ ሞተ፤ ዘፈኑ ግን ቀጠለ

እኛ ቤት ኮምፒውተሩ የሞተ ዕለት ትንሽ ለቅሶ ነበር። ማዘርቦርዱ ጨሰ፣ እማዬ መስኮት ከፈተች፣ ጠጋኙ መጥቶ አየውና “በቃ፣ አልቆለታል” ብሎን ሄደ። ሬሳው ግን አልወጣም። (የተበላሸ ዕቃ የሚጥል አበሻ ታውቃላችሁ?) ዳንቴል ለብሶ ሁለት ዓመት ሳሎን ተቀመጠ። በሦስተኛው ዓመት ትንሹ ወንድማችን ብሎን መፍቻ ይዞ ሆዱን ከፈተውና ሲዲ ሮሙን ነቅሎ አወጣ።

“በዚህ ሙዚቃ እንሰማለን፤ ይዘነውም እንዞራለን” አለን። ሳቅንበት።

ሲዲ ሮም ያለ ኮምፒውተር ምንም አይሠራም ብለን ነበር የምናስበው። ልጁ ግን ፊቱን አዙሮ አሳየን። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ቀዳዳ አለው። ከጎኑ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ትንሽ ጎማ አለች። ሁለት ቁልፎችም አሉት፤ አንዱ ሲዲውን ያስወጣል፣ ሌላው ላይ የ“ፕሌይ” ምልክት አለበት። ስንት ዓመት ፊቱ ተቀምጠን ካርታ ስንጫወትበት አንድ ቀን እንኳ “ይህቺ ቁልፍ ምን ትሠራለች?” ብለን አልጠየቅንም።

መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ሲዲ ሲወለድ ከኮምፒውተር ጋር አይተዋወቅም ነበር። ፊሊፕስና ሶኒ በ1980 የተስማሙበት ደንብ ስለ ሙዚቃ ብቻ ነበር፤ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት ይጻፋል። የመጀመሪያው የሶኒ ማጫወቻ በ1982 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲወጣ ዋጋው 168,000 የን ነበር። በ1984 ደግሞ ተይዛ የምትዞረው ዲ-50 መጣች። “ተይዛ የምትዞረው” ስንል ግን እንዳትሸወዱ፤ ባትሪ ድንጋዮቿ ለብቻቸው በሌላ መያዣ ነበር የሚቀመጡት።

የኮምፒውተር ሰዎች ይህን ዲስክ አይተው ጎመጁ። መጎምጀትስ ሲያንሳቸው ነው! 650 ሜጋባይት ይይዛል፤ ይህ ከ450 ፍሎፒ ዲስክ በላይ ነው። ስለዚህ በ1983 ለጽሑፍና ለመረጃ የሚሆን ሁለተኛ ደንብ ወጣ፤ ሲዲ ሮም የተባለው እሱ ነው። በ1985 ግሮሊየር ኢንሳይክሎፒዲያ በአንድ ሲዲ ታትሞ ወጣ። ማንበቢያውን የሠሩት ሰዎች ግን ከዜሮ አልጀመሩም። የሙዚቃ ማጫወቻውን ሌዘር፣ ሞተርና ቁጥርን ወደ ድምፅ የሚቀይረውን ክፍል እንዳለ ወሰዱት።

ምስጢሩ ይኸው ነው። በ1990ዎቹ ኮምፒውተር ላይ የዘፈን ሲዲ ስትከፍቱ ኮምፒውተሩ “አጫውት” ብሎ ከማዘዝ በቀር ሥራ አልነበረውም። የሚዘፍነው ሲዲ ሮሙ ራሱ ነበር፤ ድምፁ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ወደ ሳውንድ ካርድ ይሄዳል። ለካስ ሳጥኑ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ሙሉ ሙዚቃ ማጫወቻ ነው!

ወንድማችን የቀረው መብራት መስጠት ብቻ ነበር። ሲዲ ሮም በቢጫው ሽቦ 12 ቮልት፣ በቀዩ 5 ቮልት ይፈልጋል፤ ሁለቱ ጥቁሮች ኔጌቲቭ ናቸው። 12ቱን ከአሮጌ የሞተር ብስክሌት ባትሪ አገኘ። 5ቱን ለማግኘት 7805 የምትባል ባለ ሦስት እግር ዕቃ ገዛ። እሷ የተረፈውን 7 ቮልት ወደ ሙቀት ስለምትቀይር እንዳትቃጠል የእማዬ ድስት ክዳን ላይ በብሎን አሰራት። (ስለ ክዳኑ የተነሳውን ጠብ እንዝለለው።) ሁሉንም በጫማ ካርቶን ውስጥ ከተተና ማንጠልጠያ አበጀለት። ክብደቱ እንደ ድንጋይ ነው፤ ግን ይዞራል።

መጀመሪያ ያስገባነው ኤምፒ ስሪ የተቃጠለበትን ሲዲ ነበር። ዝም አለ። አሮጌው ማሽን የሚያውቀው የ1980ውን ደንብ ብቻ ነው፤ ኤምፒ ስሪ መፍታት የኮምፒውተሩ ሥራ ነበር። ከሲዲዎቻችን ሁሉ የተጫወተው አክስታችን ከዋሽንግተን የላከችው አንዱ ነው። እማዬ ኮምፒውተሩ ከሞተ ጀምሮ አልሰማችውም።

ብድር በምድር ይባላል። ኮምፒውተር ከሙዚቃ የተበደረውን በኋላ መልሷል። በ1999 የኮምፓክ ተመራማሪዎች የፈጠሩት ፐርሰናል ጁክቦክስ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በኪስ ማጫወቻ ውስጥ ተክሎ ለገበያ ወጣ። በ2001 የመጣው አይፖድም ውስጡ የቶሺባ 5 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ነበረበት። አፕል በ2022 አይፖድን መሥራት አቆመ፤ ዘፈኑ ስልክ ውስጥ ገባ።

ያቺ የ“ፕሌይ” ቁልፍስ? ኮምፒውተሮች ሲፈጥኑ ዘፈኑን በቁጥርነቱ አንብበው ራሳቸው መፍታት ጀመሩ። ቀጭኗ ሽቦ አላስፈለገችም፤ ፋብሪካዎቹም ወጪ ለመቀነስ ቁልፏንም የጆሮ ማዳመጫውን ቀዳዳም አስቀሩ። በኋላ ከተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ማስወጫ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። ያንን ነቅላችሁ ባትሪ ብትሰጡት ሲዲውን ያሽከረክራል እንጂ አይዘፍንም።

በዚህ ማንም ክፉ አልሠራም። ግን አንድ ነገር ጎድሎብናል፦ ጌታው ሲሞት ብቻውን መኖር የሚችል ዕቃ። ዛሬ የምንገዛው ዕቃ ሲበላሽ ከውስጡ ነቅለን ሌላ ሕይወት የምንሰጠው ምን ይተርፈናል?

መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ካርቶኑን እማዬ ጉልበት ላይ አስቀመጥንላት። የጆሮ ማዳመጫውን አደረገች፣ ቁልፏን ተጫነች፣ ዓይኗን ጨፈነች። የድስት ክዳኗን ዳግመኛ አልጠየቀችም።