«ጠፈርተኛ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጠፈርተኛ በመንኮራኩር ከምድር ወጥቶ ወደ ጠፈር የሚጓዝ ሰው ነው። «ጠፈር» በግዕዝ ጣሪያንም ሰማይንም ይገልጻል። «ኛ» ደግሞ መንገደኛና መርከበኛ በሚሉት ቃላት እንደምናየው ሰውን ከጉዞው ወይም ከሥራው ጋር ያያይዛል። ሱረቱል አንቢያእ (21፡32) ሰማይ የተጠበቀ ጣሪያ መደረጉን ስለሚነግረን የቃሉ ሥር ለሙስሊም አንባቢ እንግዳ አይደለም።

በዐረብኛ ጠፈርተኛ «ራኢድ ፈዷእ» ይባላል። ራኢድ ጥንት ውሃና ግጦሽ እንዲያይ ከወገኑ ቀድሞ የሚላክ ሰው ነበር።

በዕለት ተዕለት ንግግር ሦስት ቃላት ይምታታሉ፦

• ጠፈርተኛ፦ ራሱ ተጓዡ ነው። በዜና «የጠፈር ተመራማሪ» ሲባልም እንሰማለን።
• የሥነ ፈለክ ተመራማሪ፦ ምድር ላይ ሆኖ ከዋክብትን የሚያጠና ነው። እንጦጦ ላይ ያለው የቴሌስኮፕ ማዕከል የዚህ ሥራ ቦታ ነው።
• ኮከብ ቆጣሪ፦ በከዋክብት ዕድል እነግራለሁ የሚል ነው። ሸሪዓ የሚያወግዘው ይህንን ነው።

ጫጫ ላይ ስናስተምር ተማሪዎች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ አድርገው ሲያዩ አስተውለናል። ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ ልጅ ሐራም መስሎት ከትምህርቱ ይሸሻል። የሰላት ወቅትና የቂብላ አቅጣጫ የሚሰላው ግን በዚሁ የሥነ ፈለክ ዕውቀት ነው።

በሸሪዓ ዓይን ጠፈርተኛ ሙሳፊር ነው። የመጀመሪያው ሙስሊም ጠፈርተኛ የሳዑዲው ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን ሲሆኑ፣ የተጓዙት በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ማሌዥያዊው ሐኪም ሸይኽ ሙስዘፈር ሹኩር በ2007 በረመዳን መጨረሻ ሲጓዙ፣ የአገራቸው ዑለማዎች መመሪያ አዘጋጁ። ጣቢያው በቀን 16 ጊዜ ያህል ምድርን ስለሚዞር ፀሐይ ደጋግማ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች፤ ሰላት ግን በ24 ሰዓት አምስት ጊዜ ብቻ፣ መንኮራኩሩ በተነሳበት ቦታ ሰዓት ይሰገዳል። ቂብላውም እንደ አቅም ነው፦ ወደ ካዕባ፣ ካልተቻለ ከካዕባ በላይ ወዳለው ሰማይ፣ ካልተቻለ ወደ ምድር፣ ካልሆነም ወደተቻለው አቅጣጫ። ኢማራታዊው ሱልጣን አልነያዲም በ2023 ለስድስት ወራት ጉዞ ሲዘጋጁ፣ መንገደኛ በመሆናቸው ማፍጠር እንደሚፈቀድላቸው ተናግረዋል።

ስለዚህ ልጃችን «ጠፈርተኛ እሆናለሁ» ቢለን አንሳቅበት፣ አንቆጣውም። ሒሳቡንና ሳይንሱን ከሰላቱ ጋር አጥብቆ እንዲይዝ እናግዘው።