የጡት ወተት ማለቢያ ከሆስፒታል ወደ መኪና የደረሰበት ታሪክ

የጡት ወተት ማለቢያ፣ ማለትም ሕፃኑ በሌለበት የእናቱን ወተት በመሳብ ኃይል አውጥቶ በዕቃ የሚያጠራቅም መሣሪያ፣ ዛሬ በአሜሪካ መንገዶች ላይ በብዙ እናቶች መኪና ውስጥ ቢገኝም፣ መጀመሪያ የተሠራው ለመንገደኛ አልነበረም። ኦርዌል ኒድሃም የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1854 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ አንሥቶ ለረጅም ዘመን መሣሪያው የሕክምና ዕቃ ሆኖ ቆየ፤ የሚታዘዘውም ጡቷ በወተት ተወጥሮ ለታመመች ወይም ልጇ ያለ ጊዜው ተወልዶ መጥባት ላቃተው እናት ነበር። በ1920ዎቹ የሕፃን አጠባብን የሚመስል ማለቢያ የሠራው መሐንዲስ ኤድዋርድ ላስከር እንኳ ዛሬ ይበልጥ የሚታወሰው በቼዝ ተጫዋችነቱ ነው።

የዘመናዊው ማለቢያ መሠረት የተጣለው በስዊድን ነው። መሐንዲሱ አይናር ኤግኔል በ1956 ባሳተመው ጥናት፣ ቀደምት መሣሪያዎች ጡትን ይጎዱ የነበረው የመሳብ ኃይላቸው ልክ ስላልነበረው መሆኑን ተረድቶ፣ ኃይሉን የሚገድብና እየሳበ፣ እየለቀቀ፣ እያረፈ በምት የሚሠራ ማሽን ነደፈ። ማሽኑ ግን ከባድና ውድ ስለነበር ከሆስፒታል አልወጣም። በ1961 በስዊዘርላንድ በስዊድናዊው ኦሌ ላርሶን የተመሠረተው ሜዴላ በ1991 ለቤት የሚሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማለቢያ ለአሜሪካ ገበያ ሲያቀርብ ነገሩ ተለወጠ፤ ከዚያም ማለቢያው በትከሻ በሚነገት ቦርሳ ውስጥ ገባ፣ ለሲጋራ መለኮሻ ተብሎ በተሠራው የ12 ቮልት የመኪና ሶኬትም መሥራት ቻለ። የትንባሆ እሳት ማቀጣጠያ የነበረው ቀዳዳ ለጨቅላ ምግብ መዋሉ የታሪክ ምጸት ነው።

ይሁን እንጂ ማለቢያውን መኪና ውስጥ ያስገባው ሶኬቱ ብቻ ሳይሆን የሥራ ሕጉ ጭምር ነው። በ1993 የወጣው የአሜሪካ ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላላቸው ድርጅቶች ሠራተኞች ለወሊድ የሰጠው ፈቃድ 12 ሳምንት ብቻ፣ ያውም ያለ ደመወዝ በመሆኑ፣ ብዙ እናቶች ልጃቸው ገና ሲጠባ ወደ ሥራ ተመለሱ። ጡት ደግሞ ለረጅም ሰዓት ሳይታለብ ሲቆይ ይወጠራል፣ ማስታይተስ ለሚባለው የጡት ብግነት ይጋለጣል፣ የወተቱም መጠን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ በሥራ ቦታዋ የሚዘጋ ክፍል ያጣች ወይም ቀኗን በመንገድ ላይ የምታሳልፍ እናት የቆመ መኪናዋን ማለቢያ ክፍል አደረገችው። የታለበው ወተት በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ በበረዶ ከረጢት በተያዘ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ 24 ሰዓት ይቆያል የሚለው የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት መመሪያም ጉዞውን የሚቻል አድርጎታል። መኪና እየነዱ ማለብ ግን አደገኛ ነው።

በሥራ ቦታ የማለብ መብት የሚሰጠው ሕግ ግን ከኑሮው ዘግይቶ ደረሰ። በ2010 የወጣው ድንጋጌ አሠሪዎች የማለቢያ ጊዜና ከመጸዳጃ ቤት ውጭ የሆነ ከዕይታ የተከለለ ቦታ እንዲሰጡ ቢያስገድድም ብዙ ሠራተኞችን አላካተተም ነበር፤ የጭነት መኪናና የታክሲ አሽከርካሪዎች መብቱን ያገኙት በታኅሣሥ 2022 በተፈረመው ማሻሻያ ሲሆን፣ ሥራቸው ራሱ ጉዞ የሆነው የአውሮፕላን በረራ ሠራተኞች ግን በዚያም ሕግ ሳይካተቱ ቀርተዋል።