የሚረጋ ዘይትና የድርብ ትስስር ታሪክ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1936–1941) ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው ተቋም ነው። የሰፈሩ ሰፊ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2024 ፈርሷል፤ ከዚያው ቋንቋ የመጣው ቦምቦሊኖ ግን ዛሬም በከተማይቱ ሻይ ቤቶች ይጠበሳል። የሚጠበስበት ዘይት ይረጋል ወይስ አይረጋም የሚለው ጥያቄ ሐኪም ክፍል ድረስ ይዘልቃል። መልሱ ግን የሚጀምረው ከኬሚስትሪ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ኪስቲያኮቭስኪና ባልደረቦቹ አልኬኖች ከሃይድሮጅን ጋር ሲዋሐዱ የሚወጣውን ሙቀት በጥንቃቄ ለኩ። በአንድ ሞል 1-ቡቲን 30.3፣ ሲስ-2-ቡቲን 28.6፣ ትራንስ-2-ቡቲን 27.6 ኪሎካሎሪ ሰጡ። የሦስቱም ውጤት ያው ቡቴን በመሆኑ፣ አነስተኛ ሙቀት የሰጠው ከመነሻውም ይበልጥ የተረጋጋው ነው። በድርብ ትስስሩ ዙሪያ የካርቦን ቅርንጫፎች ሲበዙ መረጋጋቱ ይጨምራል፤ በሲስ ቅርጽ ቅርንጫፎቹ በአንድ ወገን ሲጋፉ፣ በትራንስ ግን ተራርቀው ይቀመጣሉ።

የአንድ ኪሎካሎሪ ልዩነት ኢምንት ይመስላል። ሆኖም ከመለካቱ በፊት ፋብሪካ ውስጥ ሥራውን ይሠራ ነበር። ጀርመናዊው ዊልሄልም ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1902 ፈሳሽ ዘይትን በኒኬል አማካይነት በሃይድሮጅን የማርጋት ዘዴን አስመዘገበ። ሂደቱ ሳይጠናቀቅ ሲቆም፣ ሃይድሮጅን ተቀብለው መልሰው የለቀቁ ሞለኪውሎች ድርብ ትስስራቸውን እንደገና ሲመሠርቱ ወደተረጋጋው ትራንስ ያደላሉ። ሲስ የሆነው ኦሌይክ አሲድ በ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቀልጥ፣ ትራንስ የሆነው ኤላይዲክ አሲድ 45 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ለብስኩትና ለኬክ ሠሪዎች ይህ በረከት ነበር።

ጉዳቱ ዘግይቶ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1990 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ሜንሲንክና ካታን ትራንስ ቅባት ጎጂውን ኮሌስትሮል እንደሚጨምርና ጠቃሚውን እንደሚቀንስ አሳዩ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2003 ገደብ ጣለች፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ፋብሪካ ሠራሹ ትራንስ ቅባት ከምግብ እንዲወገድ ጥሪ አቀረበ።

በአዲስ አበባ «የሚረጋ ዘይት» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የፓልም ዘይት ነው። እርሱ የሚረጋው ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ቅባት በመሆኑ እንጂ በትራንስ ምክንያት አይደለም፤ ለልብ ሕመምተኛ መቀነሱ ተገቢ ቢሆንም ምክንያቱ ሌላ ነው። ትራንስ የሚፈለገው «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት» የሚል ጽሑፍ ባለበት ማሸጊያ ላይ ነው። በኑግ ዘይት ሲጠበስ የሚፈጠረው ትራንስ ጥቂት ነው፤ ይሁንና ድርብ ትስስር የበዛበት ዘይት ደጋግሞ ሲግል በኦክስጅን ይበላሻልና፣ የትናንቱን ዘይት ለዛሬ ቦምቦሊኖ ማዋል አይመከርም።